ቪክቶሪያ ኢስት፦ አንድ የገጠር የምርጫ ክልል ድምፁን እንዴት ተነጠቀ

በ1884 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ቅኝ ግዛት፣ አንድ የ25 ዓመት ጥቁር ጋዜጠኛ ለአንድ ነጭ ጠበቃ የምርጫ ቅስቀሳ አደረገ። ጠበቃው አሸነፈና ፓርላማ ገባ። ከ3 ዓመት በኋላ ያው ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ድል ድምፅ የሰጡ ገበሬዎችን በሺዎች ከመራጮች መዝገብ የሚሰርዝ ነበር። በሕጉ ውስጥ ግን «ጥቁር» የሚል ቃል ድምፅ ለመከልከያነት አልገባም።

ጋዜጠኛው ጆን ቴንጎ ጃባቩ ነው። ጠበቃው ጄምስ ሮዝ ኢንስ። የምርጫ ክልሉ ደግሞ ቪክቶሪያ ኢስት ይባል ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቻችን የደቡብ አፍሪካን ታሪክ የምንጀምረው ከአፓርታይድ ነው፤ ከ1948። ጥቁሮች ከዚያ በፊት አንድም ቀን ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኬፕ ጥቁር ገበሬ፣ አስተማሪና ቄስ ከነጭ ጎረቤቱ ጋር በአንድ መዝገብ ተመዝግቦ፣ ለአንድ ፓርላማ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጥ ነበር። ይህ መብት በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ከ40 ዓመት በላይ ቀስ እያለ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ተሸረሸረ። ቪክቶሪያ ኢስትን የመረጥኩት ሂደቱ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ እዚህ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው።

ቦታው

ቪክቶሪያ ኢስት በኬፕ ምሥራቃዊ ድንበር ላይ ያለ ወረዳ ነበር። ከተማው አሊስ ነው። ትንሽ የገጠር ከተማ ናት፤ የታዩሜ ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። አካባቢው የኮሳ ሕዝብ መሬት ነበር። በ1846 እና በ1847 የተደረገው የድንበር ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዞች ጠቅልለው ያዙት። ወረዳውን በንግሥታቸው፣ ከተማውን በንግሥቲቱ ልጅ ስም ጠሩት። አጠገቡም ፎርት ሄር የሚባል ምሽግ ሠሩ።

ከዚያም በመሬቱ ላይ ምፌንጉ የሚባሉትን ሰዎች በብዛት አሰፈሩ። ምፌንጉዎች በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ በነበረው ትርምስ ከምሥራቅ ተሰደው የመጡ ናቸው። በድንበር ጦርነቶቹ ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። መሬት የተሰጣቸው ለዚህ ውለታ ነበር፤ በእርግጥ ሌላ ሰው የተነቀለበት መሬት ነው። ይህንን መርሳት የለብንም። በኋላ ድምፅ የሰጡትና ድምፃቸውን የተነጠቁት ሰዎች በቅኝ ግዛቱ ላይ ያመፁ አልነበሩም። በውሉ መሠረት የቅኝ ግዛቱ አጋሮች ነበሩ።

አሊስ አጠገብ ላቭዴል አለ። የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደቡባዊ አፍሪካ ለጥቁር ወጣት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ወጣት አስተማሪ፣ አስተርጓሚ፣ ቄስ፣ ጸሐፊ፣ አታሚ ይሆናል። ላቭዴል የራሱ ማተሚያ ቤት ስለነበረው በኮሳ ቋንቋ ጋዜጣ ያወጣል። እንግዲህ ወረዳው ትንሽ ገጠር ቢሆንም የሚያነብ፣ የሚጽፍና የሚከራከር ሰው ሞልቶታል።

ደንቡ ምን ይል ነበር?

ኬፕ ሕገ መንግሥት ያገኘው በ1853 ነው። ፓርላማው በዓመቱ ሥራ ጀመረ። ለመራጭነት የተቀመጠው መስፈርት ዛሬም ለሚያነበው ያስገርማል። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ፣ የንግሥቲቱ ተገዢ ከሆነ፣ 25 ፓውንድ የሚገመት ንብረት ይዞ ከተገኘ ወይም በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ ካለው ድምፅ ይሰጣል። ስለ ቆዳ ቀለም የተባለ ነገር የለም። ሴቶች ግን ነጭም ይሁኑ ጥቁር ከነጭራሹ አልተቆጠሩም።

25 ፓውንድ ለዚያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ ባይሆንም የማይደረስበት አልነበረም። ቤት የሠራ፣ መሬት የያዘ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ሊያሟላው ይችላል። ነገሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጥቁር ገበሬ መሬቱን የሚይዘው በወል ነው። የማሳው ድርሻ የራሱ ነው፤ ግጦሹ የመንደሩ። በየስሙ የተጻፈ የባለቤትነት ወረቀት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። በብዙ ቦታ የመዝገብ ሹሞች ድርሻውንና ጎጆውን ገምተው 25 ፓውንድ ደርሷል ካሉ ይመዘግቡታል። ይህ አሠራር ለ30 ዓመት ያህል ማንንም አልረበሸም። ያልረበሸውም ጥቁር መራጮች ጥቂት ስለነበሩ ነው።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ተቀየረ። የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የስፕሪግ መንግሥት በ1878 ጥቁሮችን ትጥቅ የሚያስፈታ ሕግ አወጣ። ለእንግሊዝ ሲዋጉ የኖሩት ምፌንጉዎችም ጠመንጃችሁን አስረክቡ ተባሉ። ታማኝነታቸው እንዲህ ሲመለስላቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። በሌላ በኩል የደች ዝርያ ያላቸው ገበሬዎች አፍሪካነር ቦንድ የሚባል የፖለቲካ ማኅበር አቋቋሙ። ቦንድ በምርጫ መደራጀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው አሳየ። የተማሩት ጥቁሮች ይህንን አይተው ዝም አላሉም። በ1882 በፖርት ኤልሳቤጥ ኢምቡምባ ያማንያማ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ጠመንጃው ከተወሰደ የቀረው የምርጫ መዝገብ ነበር፤ ወደ መዝገቡ ሄዱ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ በምሥራቅ ኬፕ ባሉ በርካታ የምርጫ ክልሎች ጥቁር መራጮች ግማሽ ሊሆኑ ተቃረቡ። ቪክቶሪያ ኢስት ከእነዚህ አንዱ ነው። አሊዋል ኖርዝ፣ ኪንግ ዊሊያምስ ታውን፣ ኩዊንስታውንና ፎርት ቦፎርትም በዚሁ መንገድ ላይ ነበሩ።

1884

ጃባቩ የተወለደው በ1859 ነው፤ ከቪክቶሪያ ኢስት ብዙም በማይርቀው በሂልድታውን። ቤተሰቡ ምፌንጉ ነው። ወጣት ሳለ አስተማሪ ሆነ። በ1881 ላቭዴል ለሚያሳትመው ኢሲጊዲሚ ሳማኮሳ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ወደ አሊስ መጣ። በ1883 የማትሪክ ፈተና አለፈ። ይህንን ፈተና በማለፍ ከኬፕ ጥቁሮች ሁለተኛው ነበር።

ሮዝ ኢንስ ከእርሱ በ4 ዓመት ይበልጣል። ግራሃምስታውን ተወልዶ ኬፕ ታውን ላይ ጥብቅና የጀመረ ወጣት ነው። ወንድሙ ሪቻርድ ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ውስጥ የሕግ ሰው ነበር። ጄምስ ለምርጫ ሲነሳ በቪክቶሪያ ኢስት ነጮች ዘንድ ብቻ ተማምኖ ሊያሸንፍ አይችልም። ጥቁር መራጮቹን የሚያውቅ፣ በቋንቋቸው የሚያናግር፣ የሚታመን ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ጃባቩ ሆነ።

የያኔው ምርጫ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስጥራዊ የድምፅ ወረቀት የለም። መራጩ ሹሙ ፊት ቆሞ የማንን ስም እንደመረጠ በአፉ ይናገራል። ነጋዴው ይሰማል፤ ነጩ ገበሬ ይሰማል፤ ሚሲዮናዊው ይሰማል። ዱቤ ያለበት ሰው፣ ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚማርለት ሰው፣ በእንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ የፈለገውን ስም ለመጥራት ወገቡን ጠበቅ ማድረግ አለበት። የጃባቩ ቅስቀሳ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ለአንድ ሰው ብቻውን ከባድ የሆነው ነገር መንደሩ በአንድነት ከተስማማበት ይቀላል።

ሮዝ ኢንስ አሸነፈ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የእርሱ ወንበር አይደለም። አንድ የገጠር ወረዳ ውስጥ ያሉ ጥቁር ገበሬዎች ተስማምተው ድምፅ ሲሰጡ የፓርላማ አባል ማስገባት እንደሚችሉ በግልጽ ታየ። እጩ ወደ እነርሱ እየመጣ ስለ መሬት፣ ስለ ይለፍ ወረቀት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስብ ሊናገር ግድ ሆነበት። ከዚህ በኋላ በምሥራቅ ኬፕ ፖለቲካ ውስጥ «የጥቁሩ ድምፅ ለማን ይሄዳል?» የማይጠይቅ እጩ አልነበረም።

ላቭዴል በዚህ አልተደሰተም። የሚሲዮኑ ጋዜጣ አዘጋጅ የምርጫ ፖለቲካ ውስጥ መግባቱን የበላዮቹ አልወደዱለትም። ጃባቩም በሌላ ሰው ጋዜጣ የራሱን ሐሳብ መጻፍ እንደማይችል ገባው። በኅዳር 1884 ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ላይ ኢምቮ ዛባንትሱንዱ የሚባል የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ገንዘቡን ያገኘው ከሪቻርድ ሮዝ ኢንስና ጄምስ ዊር ከሚባል ነጋዴ ነው። ጋዜጣው በኮሳና በእንግሊዝኛ ይታተማል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሚሲዮን እጅ ውጭ በጥቁር ሰው የተመራ የመጀመሪያው ጋዜጣ ይኸው ነው።

ይህ ጋዜጣ ከአንድ የምርጫ ዘመቻ ማግሥት የተወለደ መሆኑ ጥንካሬውም ድክመቱም ነበር። ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ ጥቁር መራጮች ምዝገባን፣ ሕግንና እጩዎችን የሚከታተሉበት መድረክ አገኙ። ድክመቱ ቆይቶ የሚታይ ነው። ጋዜጣው የቆመው በ«ወዳጆች» ገንዘብና በ«ወዳጆች» ፖለቲካ ላይ ነበር።

የ1887 ሕግ

ስፕሪግ በ1886 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዓመቱ የመራጮች ምዝገባ ሕግ ይዞ ቀረበ። ሕጉ የ25 ፓውንዱን መስፈርት አልነካም። የጨመረው አንድ ነገር ነው፦ በወል ወይም በጎሳ ይዞታ ውስጥ ያለ የመሬት ድርሻ ለመራጭነት አይቆጠርም።

መንግሥት የያዘው ክርክር ለጆሮ ደስ ይላል። «አዲስ ነገር አላመጣንም፤ ሕገ መንግሥቱ ንብረት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ አደረግን እንጂ» የሚል ነው። ከኬይ ወንዝ ማዶ ያለው ትራንስካይ ወደ ቅኝ ግዛቱ እየተጠቃለለ ስለነበር ብዙ አዲስ ጥቁር መራጭ ይመጣል የሚለው ፍርሃት ነጮቹን አንድ አደረጋቸው። ቦንድም ደገፈው።

ሕጉ በነጭ ገበሬ ላይ ምንም አያመጣም፤ የነጭ መሬት በስም የተመዘገበ ነው። በጥቁሩ ላይ ግን ይወርዳል። ያው ሰው፣ ያው ጎጆ፣ ያው ማሳ። ትናንት 25 ፓውንድ የሚያወጣው ይዞታው ዛሬ ለመዝገቡ ዜሮ ሆነ። መሬቱን በወል እንዲይዝ ያደረገው ደግሞ በአብዛኛው መንግሥት ራሱ ያሰፈረበት መንገድ ነው። እኔ ይህንን ሕግ ሳስብ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንተ ራስህ በሰጠኸው የይዞታ ዓይነት ሰውየውን መልሰህ ትቀጣዋለህ።

የኮሳ ተናጋሪዎች ሕጉን አፍ መስፋት አሉት። ጃባቩ ኢምቮን ሙሉ በሙሉ ለዚህ ትግል አዋለው። በየወረዳው ስብሰባ ተጠራ። በጥቅምት 1887 ከየአካባቢው የተወከሉ ሰዎች ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ላይ ተሰበሰቡ። አቤቱታ ወደ ለንደን፣ ወደ ንግሥቲቱ ተላከ። ሮዝ ኢንስ በፓርላማ ረቂቁን ከተቃወሙት መካከል ነበር። ለንደን ግን በቅኝ ግዛቱ ፓርላማ ውሳኔ ጣልቃ አልገባም። ሕጉ ጸና።

በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ከመዝገቡ ወጡ። የቀሩት በስማቸው የተጻፈ መሬት ወይም ቤት ያላቸው፣ አለዚያም ደመወዛቸው የሚያበቃቸው ናቸው፤ አስተማሪው፣ ቄሱ፣ አስተርጓሚው፣ ከመንግሥት ወረቀት የተቀበለው ገበሬ። በቪክቶሪያ ኢስት ላቭዴልና የሚሲዮን መንደሮች ስላሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌላው ወረዳ ይልቅ ይበዙ ነበር። የጥቁሩ ድምፅ እዚያ ጨርሶ አልሞተም። ሆኖም የተማረውን ካልተማረው፣ ወረቀት ያለውን ከወል ገበሬው ለይቶታል። በ1884 የመንደሩ ስምምነት የነበረው ነገር አሁን የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እየሆነ ሄደ።

ሮዝ ኢንስ በ1888 ምርጫ ወደ ኬፕ ታውን አካባቢ ወዳለው የኬፕ ዲቪዥን ወንበር ተዛወረ። ቪክቶሪያ ኢስትን ለቀቀ።

ወዳጆቹ ሥልጣን ላይ ሲወጡ

ብዙ ጸሐፊዎች የ1887ን ሕግ አጉልተው የ1892ን በአንድ መስመር ያልፋሉ። ለእኔ ግን ሁለተኛው ነው የከፋው። የመጀመሪያውን ያወጡት ተቃዋሚዎች ናቸው፤ ሁለተኛው የወጣው ወዳጆቹ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ነው።

በ1890 ሴሲል ሮድስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ካቢኔው ውስጥ ጥቁር መራጮች ወዳጅ የሚሏቸው ሦስቱ ገቡ፦ ሮዝ ኢንስ ዐቃቤ ሕግ፣ ሜሪማን የገንዘብ ኃላፊ፣ ሳወር የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ። ሳወር የአሊዋል ኖርዝ ተወካይ ነው፤ እርሱም በጥቁር ድምፅ የተደገፈ። ሮድስ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በቦንድ ድጋፍ ነበር። ቦንድ ደግሞ የጥቁሩ ድምፅ ከዚህም በላይ እንዲቀንስ ይፈልጋል።

ሦስቱ ወዳጆች ከንቱ ነበሩ አልልም። በዚያው በ1890 ጌታ ሠራተኛውን እንዲገርፍ የሚፈቅድ ረቂቅ ሲቀርብ ሮድስ ደገፈው፤ እነርሱ ግን ተቃወሙ። ረቂቁም ወደቀ። ወዳጅ ፓርላማ ውስጥ መኖሩ የሰው ጀርባ ያተረፈበት ጊዜ አለ።

በምርጫው ጉዳይ ግን ተደራደሩ። የ1892 ሕግ የንብረቱን ግምት ከ25 ወደ 75 ፓውንድ ሦስት እጥፍ አሳደገው። የ50 ፓውንድ ደመወዙ አልተነካም። መራጩ ስሙን፣ አድራሻውንና ሥራውን በእጁ መጻፍ እንዲችልም ተጠየቀ። ለዚህ ሁሉ ምትክ ሚስጥራዊ የድምፅ አሰጣጥ ገባ። ሚስጥራዊ ድምፅ ለዱቤ ተበዳሪው ገበሬ በእርግጥ ጥበቃ ነበር። የመጣለት ግን ድምፅ የመስጠት መብቱን ከወሰደበት ሕግ ጋር ታስሮ ነው።

ጃባቩ አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። አጥብቆ ቢቃወም ሮዝ ኢንስንና ሳወርን መቃወሙ ነው። ባይቃወም አንባቢዎቹን መተዉ ነው። በ1887 ያሳየውን ቁጣ በ1892 አላሳየም። ሕጉ ከዚህም ሊከፋ ይችል ነበር፣ ወዳጆቻችን ያተረፉልንን እንያዝ የሚል መንገድ መረጠ። ብዙ የራሱ ወገኖች ይህንን አልረሱለትም። እኔ በጃባቩ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። አንድ የራሱ ተወካይ እንኳ ፓርላማ ውስጥ የሌለው ሕዝብ መሪ ነው። ሕጉ ጥቁር ሰው እንዳይመረጥ አይከለክልም ነበር፤ ያም ሆኖ በኬፕ ፓርላማ አንድም ጥቁር አፍሪካዊ ተቀምጦ አያውቅም። ጃባቩ ራሱ አልተወዳደረም። የነጮችን ድምፅ እናጣለን፣ ወዳጆቻችንን እናሸማቅቃለን የሚል ስጋት ነበር። ስሕተቱ ያለው በ1892 አይመስለኝም። በ1884 ድሉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ቁጥራቸው ብዙ በነበረበት ጊዜ፣ የራሳቸውን ሰው ለማስገባት አለመሞከራቸው ላይ ነው።

ካቢኔው ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1893 የባቡር ላይ የምግብ አገልግሎት ውል ያለ ጨረታ ለአንድ ነጋዴ በመሰጠቱ ሦስቱ ወዳጆች አኩርፈው፣ መንግሥቱ ፈረሰ። ሮድስ ያለ እነርሱ አዲስ ካቢኔ አቋቋመ። የ1892 ሕግ ግን ከእነርሱ በኋላም ኖረ።

በ1894 ደግሞ የግሌን ግሬይ ሕግ መጣ። ግሌን ግሬይ ከቪክቶሪያ ኢስት በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ ወረዳ ነው። ሮድስ እዚያ ለጥቁር ገበሬዎች መሬት በነፍስ ወከፍ፣ በስማቸው እንዲሰጥ አደረገ። እንግዲህ የ1887ን ክርክር አስታውሱ። ወል ስለሆነ አይቆጠርም ነበር የተባለው። አሁን በስም የተሰጠው መሬትስ? በዚህ ሕግ የተሰጠ መሬትም ለመራጭነት አይቆጠርም ተባለ። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አልፈልግም። ጉዳዩ የይዞታው ዓይነት አልነበረም።

መከፋፈል

ቀሪውን ፈጠን ብዬ ላውጋው። የጥቁር መራጮች ቁጥር ሲሳሳ አንድነታቸውም ሳሳ። በ1897 ኢስት ለንደን ላይ ኢዝዊ ላባንቱ የሚል ተቀናቃኝ ጋዜጣ ተነሳ። ከጀርባው ዋልተር ሩቡሳና እና ጓደኞቹ ነበሩ፤ ከሮድስ ወገንም ገንዘብ አግኝቷል። ጃባቩ ደግሞ በ1898 ምርጫ ከቦንድ ጋር ከተሰለፉት ከእነ ሳወር ጎን ቆመ። የ1887ን ሕግ ከደገፈው ከዚያው ቦንድ ጋር። ወዳጅን መከተል እስከዚህ ይወስዳል። በእንግሊዝና በቦሮች (የደች ዝርያ ባላቸው ሰፋሪዎች) ጦርነት ጊዜ ጦርነቱን በመቃወሙ በ1901 ወታደራዊው አስተዳደር ኢምቮን ዘጋው። እስከ 1902 አልተከፈተም።

በ1909 አራቱን ቅኝ ግዛቶች በደቡብ አፍሪካ ኅብረት ስም አንድ የሚያደርገው ረቂቅ ሲዘጋጅ ጃባቩና ሩቡሳና አብረው ለንደን ሄደው ተከራከሩ። ረቂቁ በኅብረቱ ፓርላማ የሚቀመጠው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ሰው ብቻ ነው ይላል። የኬፕ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ለጊዜው ይቆያል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላነሱት በስተቀር። ለንደን ይህንን አጸደቀች። በግንቦት 31፣ 1910 የኬፕ ፓርላማ አበቃ። ቪክቶሪያ ኢስትም የቅኝ ግዛት ፓርላማ ወንበርነቱ በዚያው ቀረ።

ሩቡሳና በዚያው ዓመት በቴምቡላንድ ተወዳድሮ ለኬፕ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተመረጠ። ጥቁር ሰው ለእንዲህ ያለ ምክር ቤት ሲመረጥ የመጀመሪያው ነው። በ1914 ግን ጃባቩ በዚሁ ወንበር ላይ ተወዳደረው። የጥቁሩ ድምፅ ለሁለት ተከፈለና ነጩ እጩ አሸነፈ። 30 ዓመት ሙሉ የራሴን ሰው ለማስገባት ጊዜው አይደለም ሲል የኖረ መሪ በመጨረሻ የገባውን አስወጣ። ይህንን ስጽፍ አዝናለሁ፤ ጃባቩን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያዝንበት ምዕራፍ ነው።

አሊስ ላይ የቀረው ሥራው ግን ትልቅ ነው። ጃባቩ ለዓመታት ለጥቁሮች ኮሌጅ እንዲከፈት ሲታገል ነበር። ኮሌጁ በ1916 በዚያው በአሮጌው ምሽግ ቦታ ላይ ተከፈተ፤ ፎርት ሄር። ልጁ ዳቪድሰን ዶን ቴንጎ ጃባቩ የመጀመሪያው ጥቁር መምህር ሆነ። አባትየው በ1921 ያረፈው እዚያው ልጁ ዘንድ ነው። ኔልሰን ማንዴላና ኦሊቨር ታምቦ በኋላ የተማሩት በዚህ ግቢ ነው።

የመዝገቡ መጨረሻ

በ1930 ነጭ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ጥቁር ሴቶች አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት ለነጭ ወንዶች የንብረትና የጽሕፈት መስፈርቱ ተነሳ፤ ለጥቁሩ ግን እንዳለ ቀረ። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ሕግ ማለት ነው። የጥቁሩ ድርሻ በዚህ ብቻ ወደታች ወረደ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሄርትዞግ ቀሪውን ለመጨረስ ረቂቅ ይዞ ሲመጣ ልጁ ጃባቩ የመላ አፍሪካውያን ጉባኤን መርቶ ተነሳ። ጉባኤው ብሉምፎንቴይን ላይ የተቀመጠው በታኅሣሥ 1935 ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረ ገና 2 ወር ከመንፈቅ ገደማ ነበር። ከ400 በላይ ተወካዮች ከየአቅጣጫው መጡ። ጥያቄያቸው አባቶቻቸው በ1887 ካነሱት ብዙም አይለይም።

ሌላኛው የድሮ ሰውም በሕይወት ነበር። ሮዝ ኢንስ ከ1914 እስከ 1927 የኅብረቱ ዋና ዳኛ ሆኖ አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል። በ1929 ያለ ቀለም ልዩነት የመምረጥ መብትን የሚከላከል ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። በ1892 የተደራደረው ሰው በ70ዎቹ ዕድሜው በማይደራደርበት ወገን ቆመ። ይህንን ልጽፍለት ይገባል፤ ብዙ ፖለቲከኛ ዕድሜው ሲገፋ የሚሄደው ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው።

በ1936 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ድምፅ ሰጡ። 169 ደገፉ፣ 11 ተቃወሙ። በመዝገቡ ላይ የቀሩት 11 ሺህ ገደማ የኬፕ ጥቁሮች ከጋራው መዝገብ ወጡ። ለብቻቸው በተከፈተ መዝገብ 3 ነጭ ተወካዮችን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። እነዚያም 3 ወንበሮች በ1960 ተሰረዙ።

የቪክቶሪያ ኢስት ወረዳ ቆይቶ ሲስካይ በሚባለው የጥቁሮች ክልል ውስጥ ተካተተ። የአፓርታይድ መንግሥት ሲስካይን በ1981 «ነፃ አገር» ብሎ አወጀው፤ ከራሱ በቀር የተቀበለው አገር አልነበረም። ከ1887 የጀመረው ነገር የደረሰበት ጫፍ ይህ ነው። መጀመሪያ መሬትህ አይቆጠርም፤ ከዚያ ድምፅህ አይቆጠርም፤ በመጨረሻ አገርህ ይህ አይደለም።

የአሊስ ነዋሪዎች ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት ወረቀት ሳይጠየቁ ድምፅ የሰጡት በሚያዝያ 1994 ነው። አዲሱ ሥርዓት ለብሔራዊው ፓርላማ እንደ ቪክቶሪያ ኢስት ያለ ትንሽ የምርጫ ክልል የለውም። መራጩ በዋናነት ፓርቲ ይመርጣል፤ ከ2024 ወዲህ የግል እጩም መምረጥ ይችላል፤ ወንበር የሚከፋፈለው በድምፅ መጠን ነው። ስለዚህ አሊስ ዛሬ ድምፅ አላት፤ «የእኔ ተወካይ» ብላ በስም የምትጠራው የፓርላማ አባል ግን የላትም። በደቡብ አፍሪካ ይህ እስካሁን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አንዳንዶች የምርጫ ክልል ይመለስ ይላሉ፤ ተወካዩ ለፓርቲው ሳይሆን ለመራጩ እንዲታዘዝ። ሌሎች ደግሞ ድምፅ እምብዛም የማይባክንበትን ያለውን ሥርዓት ይመርጣሉ። ተከራካሪዎቹ የ1884ን ምርጫ አያነሱም። እኔ ግን ቢያነሱት ደስ ይለኛል። በዚያች ጠባብ ወረዳ አንድ እጩ ሊያሸንፍ ከፈለገ የገበሬዎቹን ደጃፍ መርገጥ ነበረበት።